ወደ ኋላ የሚሻገር ማስተካከያ፦ የከርነል ባክፖርት ታሪክና የወለጋ ከተሞች ኮምፒውተሮች

የኔትወርክ የፋይል ሥርዓት ማለት፣ አንድ ኮምፒውተር ፋይሎቹ በራሱ ዲስክ ላይ ሳይሆኑ በሌላ ክፍል ወይም በሌላ ሕንፃ በሚገኝ ሰርቨር ላይ እያሉ፣ በራሱ ላይ ያሉ ያህል እንዲከፍታቸው፣ እንዲያነባቸውና እንዲጽፍባቸው የሚያደርግ የሶፍትዌር ክፍል ነው። አሠራሩ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ከኖረው መዝገብ ቤት ጋር ይመሳሰላል፤ በየቢሮው ያለው ሠራተኛ ፋይሉን በመሳቢያው አይይዝም፣ ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ ይሠራበትና ይመልሰዋል፤ መዝገብ ቤቱ የተቆለፈ ዕለት ደግሞ ቢሮው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ባለጉዳይ በመስኮት በኩል የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ብዙ ምክንያቶችን ይሸፍናል፤ አንዳንዴ የመብራት መቋረጥ፣ አንዳንዴ የመስመር መበጠስ ነው፤ ብዙም የማይወራለት ሦስተኛው ምክንያት ግን የሰርቨሩ ሜሞሪ ማለቅ ነው። ይህን ሦስተኛ ምክንያት ለማስወገድ ከተደከመባቸው ሥራዎች መካከል ባክፖርት የሚባለው ሙያ አንዱ ሲሆን፣ ትርጉሙም ለአዲስ የሶፍትዌር ዕትም የተጻፈን ማስተካከያ ወስዶ፣ ከዓመታት በፊት ወጥቶ አሁንም በሥራ ላይ ላለ አሮጌ ዕትም እንዲስማማ አድርጎ እንደገና ማበጀት ነው። ማስተካከያው ራሱ በሙያው ሰዎች ዘንድ ፓች ይባላል።

ሙያው የተወለደው ከወለጋ እጅግ ርቆ ነው፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግን አንድ ኮምፒውተር ከተገዛ በኋላ ረጅም ዘመን በሚያገለግልባቸው እንደ ነቀምቴ ባሉ ከተሞች ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲን ያገኘችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ከዋናው ግቢ ሌላ በግምቢና በሻምቡ ካምፓሶች አሉት፤ ደምቢ ዶሎም ከጊዜ በኋላ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ፣ መንግሥት ወረዳኔት በተባለው ፕሮግራም የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በኔትወርክ ማገናኘት ጀምሮ ነበር፤ ስኩልኔት የተባለው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሳተላይት ከሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ጋር አስተዋወቀ። በእነዚህ ዓመታት በየከተማው የኮምፒውተር ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ተፈጠረ፤ በብዙ ኮምፒውተሮችና በጥቂት ሰርቨሮች የሚሠራ፣ ከፍተኛ በጀት ሳይሆን ጥንቃቄ የሚያኖረው ክፍል። የኔትወርክ የፋይል ሥርዓትም ከመጀመሪያው የታሰበው ለዚህ ዓይነቱ ቤት ነበር።

ሥርዓቱ ኤንኤፍኤስ በሚል አህጽሮት የሚታወቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ተሠርቶ በተከታዩ ዓመት ለገበያ ቀረበ (ከዚህ በኋላ ስለ ሶፍትዌሩ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ንድፍ አውጪዎቹ የወሰኑት አንድ ነገር መብራት ለሚጠፋባቸው ከተሞች ሆን ተብሎ የታሰበ ይመስላል፤ ሰርቨሩ የትኛው ደንበኛ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ በሜሞሪው አይመዘግብም፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ ይዞ ይመጣል። ስለዚህም ሰርቨሩ ድንገት ጠፍቶ ቢነሣ ደንበኛው ኮምፒውተር ጥያቄውን ደጋግሞ እየላከ ይጠብቃል፣ ሰርቨሩ ሲመለስም ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ዋጋው ግን ዝግታ ነበር፤ በ1989 በይፋ በታተመው ሁለተኛው ዕትም ደንብ መሠረት ሰርቨሩ የተጻፈው ሁሉ ዲስክ ላይ ሳያርፍ «ተቀብያለሁ» ማለት አይችልም ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚተላለፈው መረጃም ከ8 ኪሎባይት አይበልጥም ነበር።

በ1995 የታተመው ሦስተኛው ዕትም ዝግታውን አቃለለ፤ የሜሞሪ ጥያቄ በሥርዓቱ ውስጥ አብሮት የገባውም ያኔ ነው። በአዲሱ ደንብ ሰርቨሩ መረጃውን ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ መቀበሉን ማስታወቅ ይችላል፤ ደንበኛው ግን ቆይቶ «አሁን ወደ ዲስክ አውርድልኝ» ብሎ ጠይቆ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ የላከውን ቅጂ ከሜሞሪው መልቀቅ የለበትም፤ ሰርቨሩ በመካከሉ ቢጠፋ እንደገና መላክ ይኖርበታልና። ስለዚህ ሰርቨሩ የቆጠበው ጊዜ በደንበኛው ሜሞሪ ተከፈለ። ሊኑክስ እነዚህን ዲስክ ላይ ገና ያልጸኑ የሜሞሪ ገጾች ለብቻቸው የሚቆጥርበት መቁጠሪያ በከርነሉ ውስጥ ለዓመታት አኑሮ፣ ያወጣው በ2020 ነው። ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ሜሞሪን፣ ዲስክንና ኔትወርክን ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል ሲሆን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ሰርቨሮች በብዛት የሚሠሩበት ከርነል ነው።

የሜሞሪው ጉዳይ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ለምን እንደሚብስ ለመረዳት፣ የ32 ቢት ማሽኖችን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። በተለመደው የኢንቴል ዓይነት የ32 ቢት ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስ ከርነል ለራሱ መዝገቦች በቀጥታ ሊጠቀምበት የሚችለው ሜሞሪ 896 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ 4 ጊጋባይት ቢያስገባም ይህ ወሰን አይሰፋም። ከርነሉ ስለ እያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው ማስታወሻ፣ ማለትም ስሙ፣ ባለቤቱ፣ ፈቃዱና መጠኑ፣ የሚቀመጠው በዚህችው ጠባብ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ተማሪዎች ብዙ ትንንሽ ፋይሎች በሚከፍቱበት ላብራቶሪ፣ ሰርቨሩ ገና ብዙ ባዶ ሜሞሪ እያለው «ሜሞሪ አልቋል» ብሎ ፕሮግራሞችን መግደል ሊጀምር ይችላል። ነገሩን የማያውቅ ቴክኒሺያን ተጨማሪ ራም ገዝቶ ያስገባል፤ ችግሩም እንዳለ ይቀራል። መፍትሔው ከርነሉ ማስታወሻዎቹን በጊዜ እንዲለቅ የሚያስተምር ፓች ነው፤ ፓቹ ግን ዘወትር የሚጻፈው ለአዲሱ ከርነል ነው።

ባክፖርት እንደ መደበኛ ሥራ የተስፋፋው በ2.4 ከርነል ዘመን፣ ማለትም ከጥር 2001 በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት ተከታታይ የተረጋጉ ዕትሞች በሚወጡበት መካከል ዓመታት ያልፉ ስለነበር፣ ሬድሃትና ሱዘ የተባሉት አከፋፋይ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው የጠየቋቸውን አዳዲስ ነገሮች በሙከራ ላይ ከነበረው 2.5 እየወሰዱ ወደ 2.4 ያሻግሩ ነበር። በ2003 የወጣው የሬድሃት ሦስተኛው የድርጅት ዕትም በስሙ 2.4.21 ይባል እንጂ፣ የ2.6 ከርነል ይዞት የመጣውን አዲሱን የክሮች (ትሬድ) አሠራር ጭምር ያካተተ ነበር። ደንበኛው ተጠቀመ፤ ማኅበረሰቡ ግን ተቸገረ፤ አንዱ ኩባንያ የሚሸጠው 2.4 ከሌላው 2.4 ጋር የማይመሳሰል ሆነ፣ የአንዱ ብልሽት በሌላው ላይ አልታይ አለ፣ አዲሱ ዕትም በታኅሣሥ 2003 ሲወጣም ብዙ የግል ፓቾች ወደ እሱ ሳይገቡ በየኩባንያው ቀሩ። ከዚህ ልምድ የተገኘው ደንብ ዛሬም ይሠራል፤ ማንኛውም ማስተካከያ መጀመሪያ ወደ ዋናው ከርነል ይግባ፣ ወደ አሮጌው የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው የሚል ነው።

ደንቡ በተግባር የታሰረው በመጋቢት 2005 ግሬግ ክሮሃ-ሃርትማንና ክሪስ ራይት የተረጋጋውን ዕትም የሚጠብቅ ቡድን ሲያቋቁሙ ነው። ቡድኑ አጥብቆ የያዛቸው መመዘኛዎች አጫጭር ናቸው፤ ፓቹ አስቀድሞ በሊኑስ ዛፍ፣ ማለትም በዋናው ከርነል ውስጥ መግባት አለበት፣ ሰዎችን በእውነት ያስቸገረ ብልሽት ማረም አለበት፣ ርዝመቱም ከ100 መስመር መብለጥ የለበትም። የመጨረሻው መመዘኛ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ረጅም ፓች አሮጌውን ሕመም ቢያድን እንኳ አዲስ ሕመም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ ረጅም ዕድሜ የሚሰጣቸው ከርነሎች ተለመዱ፤ በታኅሣሥ 2009 የወጣው 2.6.32 እስከ 2016 ድረስ ጥገና ሲደረግለት ኖሯል። እንዲህ ያለው ዕድሜ ማሽኑን በየሦስት ዓመቱ መቀየር ለማይችል ተቋም ከማንኛውም አዲስ ባሕርይ ይበልጣል።

ሥራው ሲታይ ቀላል መስሎ የሚከብድበትን ምክንያት አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ከርነሉ ሜሞሪ ሲያጥረው ወደ እያንዳንዱ ክፍል ሄዶ «የምትለቀው አለህ?» የሚልበት ሽሪንከር የሚባል አሠራር አለ። እስከ ከርነል 3.11 ድረስ ይህ ጥያቄ በአንድ ተግባር ይመለስ ነበር፤ ያው ተግባር አንድ ጊዜ ይቆጥራል፣ አንድ ጊዜ ይለቃል። በ2013 መጨረሻ የወጣው 3.12 ተግባሩን ለሁለት ከፍሎ መቁጠሩን ለአንዱ፣ መልቀቁን ለሌላው ሰጠ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ሜሞሪ ቆጣቢ ፓች፣ በ2014 የወጣው የሬድሃት ሰባተኛ ዕትም በተመሠረተበት በ3.10 ላይ እንዳለ አይቀመጥም። አሻጋሪው ሁለቱን ተግባራት መልሶ ወደ አንድ ማምጣት፣ መቆለፊያዎቹ በአሮጌው ሥርዓት በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያዙ ማጣራት ይኖርበታል፤ እዚህ ላይ ቢሳሳት ኮምፓይለሩ ምንም ሳይል ሰርቨሩ ከሳምንታት በኋላ ድንገት ይቆማል። በኤንኤፍኤስ በኩል የዚህ ዓይነት ማስተካከያ ከሚጠቀስባቸው ቦታዎች አንዱ ሰርቨሩ የመለሳቸውን መልሶች የሚያስታውስበት መዝገብ ነው፤ ደንበኛ ጥያቄውን ሲደግም ሥራው ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም የሚጠብቀው ይህ መዝገብ፣ ለዓመታት በ1024 መልሶች ተወስኖ ኖሮ፣ በ2013 ጄፍ ሌይተን በሠራው ለውጥ መጠኑ ከማሽኑ ሜሞሪ ጋር የሚመጣጠን፣ ሜሞሪ ሲጠብም የሚለቅ ሆነ።

ከሁሉም ይልቅ የተደከመበት ጉዳይ ግን በኔትወርክ ላይ ስዋፕ ማድረግ የሚባለው ነው። ስዋፕ ማለት ሜሞሪ ሲሞላ ለጊዜው የማያስፈልገውን ወደ ዲስክ አውጥቶ ቦታ ማስለቀቅ ነው። ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ይህን ማድረግ የሚችለው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ጂም ማክኩዊላን በ1999 በጀመረው ኤልቲኤስፒ በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት፣ ዲስካቸው የተበላሸ ወይም ከመጀመሪያው ዲስክ ያልነበራቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ከአንድ ሰርቨር እየተነሡ በትምህርት ቤቶች ማገልገል ጀምረው ነበር። ችግሩ ግን አዙሪት ነው፤ ገጹን በኔትወርክ ለመላክ ራሱ ሜሞሪ ያስፈልጋል፣ ሜሞሪው ደግሞ ያለቀ በመሆኑ ነው ገጹ የሚላከው፤ የሰርቨሩ ማረጋገጫ ሲመጣም የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋና ኮምፒውተሩ ባለበት ይቀራል። ፒተር ዚልስትራ ከ2006 ጀምሮ ለዚህ ያቀረባቸው ፓቾች የተጠባባቂ ሜሞሪ ክፍል ከፍለው ለዚህ ሥራ ብቻ ይጠብቃሉ። ሱዘ በድርጅት ዕትሙ ውስጥ ለዓመታት ተሸክሟቸው ኖረ፤ ዋናው ከርነል የተቀበላቸው ግን ሜል ጎርማን እንደገና አስተካክሎ ካቀረባቸው በኋላ በ2012 በወጣው 3.6 ነው። «መጀመሪያ ወደ ዋናው» የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ሳይከበር መቆየቱ ሊያስተች ይችላል፤ ሆኖም ደንቡ በጥብቅ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ተጠቃሚው እነዚያን ዓመታት ያለ መፍትሔ ያሳልፍ ነበር።

ዲስክ አልባና አሮጌ ኮምፒውተር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በደብሊን የተመሠረተው ካማራ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ከአየርላንድና ከሌሎች አገሮች የተሰበሰቡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሶ፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር ጭኖ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ማዳረስን ሥራው አድርጓል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አዲስ አበባ ሲደርስ በመጣበት አገር የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ነው፤ ወደ ወለጋ የገጠር ከተማ ቢላክ ደግሞ ገና ሌላ ዕድሜ ይጠብቀዋል። አምራቾቹ የረሱት ማሽን የሚተማመነው አሮጌውን ከርነል ባልረሱ ሰዎች ላይ ነው፤ ይህም ቢሆን ወሰን አለው፤ ለድሃ ላብራቶሪዎች ሲያገለግል የኖረው የሊኑክስ ሥርጭት ዴቢያን በ2025 ባወጣው አሥራ ሦስተኛ ዕትሙ ለ32 ቢት የኢንቴል ኮምፒውተሮች ከርነል ማውጣቱን አቁሟል።

ፓች መዘጋጀቱ አንድ ነገር፣ መድረሱ ሌላ ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በቄለም፣ በምዕራብ፣ በምሥራቅና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተዘግቶ፣ አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር። ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ማሻሻያ ማውረድ የማይቻልበት ከተማ ውስጥ ያለ ሰርቨር ያለው ዋስትና ከመዘጋቱ በፊት የተጫነው ከርነል ጤንነት ብቻ ነው፤ ማሻሻያዎችን በግቢ ውስጥ በሚቀመጥ መስታወት፣ ማለትም የዋናው ማከማቻ የተሟላ ቅጂ በሆነ ሰርቨር ላይ ማኖር ለእንዲህ ያለ አካባቢ ግዴታ እንጂ ምቾት እንዳልሆነ ያ ጊዜ በግልጽ አሳይቷል። ቴክኒሺያኑ በዚህ ነገር ላይ ሥልጣን የለውም፤ አስቀድሞ መዘጋጀት ግን ይችላል።

የሙያው የቅርብ ጊዜ ታሪክ የቀደመውን የ100 መስመር ጥንቃቄ የሚፈትን ነው። በኅዳር 2019 የወጣው 5.4 ለኤንኤፍኤስ ሰርቨር አዲስ የተከፈቱ ፋይሎች ማከማቻ አመጣለት፤ ዓላማው ለእያንዳንዱ ንባብ ፋይሉን እንደገና ከመክፈት ማዳን ነበር። ማከማቻው ግን ሥራ በሚበዛባቸው ሰርቨሮች ላይ ሳይገታ ያድግ፣ ሜሞሪ ያጣብብ፣ የማይፈለጉትን ለማጽዳትም ፕሮሰሰሩን ያደክም ጀመር። የሰርቨሩ ክፍል ኃላፊ ቸክ ሌቨርና ጄፍ ሌይተን ከ2022 ጀምሮ በ6.0ና በተከታዮቹ ዕትሞች አወቃቀሩን ከመሠረቱ ለወጡት። አሮጌዎቹን 5.10ንና 5.15ን የሚጠቀሙ ሰዎች ግን ጉድለቱን ይዘው ቀሩ፤ ማስተካከያዎቹ እርስ በርሳቸው ስለተያያዙ አንዱን ብቻ መርጦ መውሰድ አይቻልም ነበር፤ ከተወሰደም ያልታሰበ ብልሽት ይወልዳል።

ሌቨር በ2024 የመረጠው መንገድ ደፋር ነው። ጥቂት ፓቾችን ከመልቀም ይልቅ የኤንኤፍኤስ ሰርቨሩን የለውጥ ታሪክ በቅደም ተከተል ወደ 5.15፣ ከዚያም ወደ 5.10 አሻገረው፤ በሰኔ 2024 የወጣው 5.10.220 ብቻ ከ700 በላይ ፓቾች የያዘ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚሁ ክፍል ነበሩ። ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል «ትንሽ ብቻ ይሻገር» ሲል የኖረው ቡድን ይህን መቀበሉ የሐሳብ ለውጥ ነው፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ደግሞ ትክክለኛ ለውጥ ነው። አጭር ፓች አስተማማኝ የሚሆነው ብልሽቱ አንድ ቦታ ሲሆን ነው፤ ብልሽቱ በአወቃቀሩ ውስጥ ከሆነ ግን ከሌላ ዘመን የተወሰዱ ቁርጥራጮችን በአሮጌ አካል ላይ መለጠፍ፣ በ2.4 ዘመን እንደታየው፣ ማንም ሙሉ በሙሉ የማያውቀው ሦስተኛ ነገር ይፈጥራል። ሙሉውን ታሪክ ማሻገር ሥራው ቢበዛም፣ ውጤቱ በአዲሱ ከርነል ላይ ከተፈተነው ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ ለመመርመር ይቀላል።

የዚህ ድካም ፍሬ ስሙ ሳይጠራ ወደ ብዙ ክፍሎች ይገባል። ዴቢያን 11 በ5.10 ላይ፣ ኡቡንቱ 22.04 ደግሞ በ5.15 ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ በነቀምቴም ሆነ በግምቢ ከእነዚህ አንዱን በሰርቨሩ ላይ የጫነ የላብራቶሪ ኃላፊ መደበኛውን ማሻሻያ በመጫን ብቻ ማስተካከያውን ሳያውቀው ያገኘዋል። ሥራው ነጻና ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ በመሆኑ፣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ከማንበብ አልፈው አንድ ሜሞሪ ቆጣቢ ፓች ወደ አሮጌ ከርነል ማሻገርን እንደ መመረቂያ ሥራ ሊይዙት ይችላሉ፤ ይህን ለመጀመር አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ለ5.10ም ሆነ ለ5.15 ዋናው የጥገና ቡድን የመደበው የድጋፍ ዘመን የሚያበቃው በታኅሣሥ 2026 ነው።